የዳልቻ ማሳና ጨው ጫኙ አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ በሚቀርበት፣ ከዚያም ወዲያ ምድሩ ሁሉ ነጭ ጨው በሆነበት ቆላ፣ ሣር ቀምሰው የማያውቁ ንጉሥ ስለ ሣር እንቅልፍ አጥተው ይኖሩ ነበር። እኚህ ንጉሥ አንበሳ ናቸው። ሣር በአፋቸው ባይዞርም ምሳቸው ሣር ይበላል፤ ሣር ሲጠፋ ደግሞ ምሳቸው ልጆቹን አስከትሎ ወደ ሌላ ንጉሥ አገር ይሰደዳል። ስለዚህ የአገራቸውን ልምላሜ እንደ ዐይናቸው ብሌን ይሳሱለት ነበር። ስለ ሣር በላተኛ ሕዝብ ይህን ያህል የተጨነቀ ንጉሥ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም ይባላል።

ንጉሡ በወንዙ ዳር ያለው ማሳቸው ዓመቱን ሙሉ እንዲለመልም ብለው ወንዙን በቦይ አስጠለፉ። ውሃው ገባ። መግቢያውን የቀየሰው አማካሪ ተሸለመ፤ መውጫውን ያሰበ አማካሪ ግን አልነበረም፤ ቢኖርም ሽልማቱ ስላለቀ አልተናገረም። የቆላ ፀሐይም በየቀኑ እየመጣች ውሃውን ጠጥታ ጨዉን ትታ ትሄዳለች፣ ጠላውን ጨልጦ አተላውን ለባለቤቱ እንደሚተው እንግዳ። እያደር ማሳው ነጣ። ማሽላው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ በውሃ ጥም ሞተ፤ ጨው የጠጣ አፈር ውሃውን አንቆ ይይዛል እንጂ ለሥር አይለቅምና። አማካሪዎቹ ግን ውሃ አንሶት ነው ብለው ጨመሩበት። ሲጨመርበት ባሰበት፤ ሲብስበት ጨመሩበት።

ድኩላውም ሚዳቋውም ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ሲጀምር ንጉሡ ዳልቻ የምትባለውን አህያ አስጠሩ። ዳልቻ ዕድሜዋን ሙሉ ከጨው ሜዳው አሞሌ ተሸክማ ወደ ደጋ ስትወጣ የኖረች፣ ምላሷ ከሸክሟ የሚከብድ አህያ ናት። ማሳውን እንደምታለማ፣ ነገር ግን ምን ተከልሽ ብሎ ማንም እንዳይጨቀጭቃት፣ «ማሽላዬን አምጪ» የሚላትም እንዳይኖር ፊት ለፊት ተናገረች። ንጉሡ ተስማሙ። ሹም ያልተሾመበት ሥራ ደግሞ ሥራ አይባልምና ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል ተባለ። ለዚህም አያ ጅቦ ተመረጠ።

ውሉ ግልጽ ነበር። ንጉሡ ከሚሄዱበት ኅዳር ላይ ሲመለሱ ማሳው ለምልሞ ካገኙት፣ ዳልቻን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የማንም ጥርስ አይነካትም። ደርቆ ካገኙት ግን፣ ለተቆጣጣሪነቱ ድካም ካሳ እንድትሆነው ከነኮቴዋ ለአያ ጅቦ ትሰጣለች።

«ሥጋን ለጅብ አደራ» እያሉ በዚህ ሹመት ያሙ ነበሩ። ሐሜተኛ መቼም አይጠፋም። እስቲ በእውነት ይታይ፤ ሥጋን ሳይሰለች፣ ሳያንቀላፋ፣ ዐይኑን ሳይነቅል የሚጠብቅ ከጅብ ሌላ ማን አለ? ንጉሡም ይህን ካደላደሉ በኋላ የቆላውን ችግር በቅርብ ሆነው ለመከታተል ከነአማካሪዎቻቸው ወደ ደጋ ወጡ።

አያ ጅቦ ሥራውን በትጋት ጀመረ። በማሳው ዳር ካለች ግራር ሥር ሄደና፣ ሹም መሬት ላይ አይቀመጥምና፣ ቁርበት እንዲነጠፍለት አዘዘ። ተነጠፈለት። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠበት፤ በምሳ ሰዓት በላው። ሌላ አስነጠፈ፤ እሱንም እራት አደረገው። ቁርበት ሲጠፋ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ይህም ለትሕትናው ምስክር ሆኖ ሲወራ ይኖራል።

የተሾመው ማሳውን እንዲያይ ነበር፤ እሱ የሚያየው ግን የዳልቻን ታፋ ነው። ይህን ስንፍና ነው ብሎ መተርጎም አይገባም። ንጉሡ ኅዳር ላይ ይመለሳሉ፤ ማሳው ደርቆ ይቆያቸዋል፤ ዳልቻም የእሱ ትሆናለች። ታዲያ ከታፋዋ ይጀመራል ወይስ ከወርቿ? ከታፋው ቢጀመር ወርቹ ይቀዘቅዛል፤ ከወርቹ ቢጀመር ታፋው ሲጠብቅ ይከፋዋል። እንዲህ ያለ የከበደ ጉዳይ ራሱን የያዘው ሹም ስለ አረም የሚያስብበትን ጊዜ ከየት ያመጣል?

ዳልቻ በበኩሏ ወደ ጨው ሜዳው ጠርዝ እየተመላለሰች፣ ያኔ በነጋዴ ዘመኗ ሲርባት ትግጣቸው የነበሩትን ዕፅዋት በጥርሷ እየነቀለች አመጣች። ደግ ሰው ቢያያቸው አረም ይላቸዋል፤ ክፉ ሰው ቢያያቸው ስም አያወጣላቸውም። አንዳንዱን ሞክራው ደረቀባት፤ ነቅላ ጣለችውና ሌላ ተከለች። አያ ጅቦ ይህን እያየ ደስታው ወሰን አጣ። በጨው መሬት ላይ አረም መትከል ማሳን ለማድረቅ ከሁሉ የፈጠነ መንገድ መስሎታል።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ቢነቃ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ቆየው። ነገሩን ከዐይኑ በፊት ሆዱ ተረዳው።

እየሮጠ ኩይሳ ሥር ወደምትኖረው ወደ እመት ቀበሮ ሄደ። እመት ቀበሮ ምክር እንጂ ጉልበት አታውስም፤ ምክሯም በባዶ እጅ አይገኝም። አያ ጅቦ የዳልቻን ጉበትና ኩላሊት ሊለቅላት በአባቱ አጥንት ማለላት። የአባቱን አጥንት ማን እንደ በላው ግን እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አላነሣ።

«ለመሆኑ አያ ጅቦ፣ ያኔ ማሳውን የገደለው ምን ነበር?» አለችው።

«ንጉሡ ናቸዋ» አለ ሳያስብ።

እመት ቀበሮ ግራና ቀኝ ተገላመጠች። «ጨው ነው የገደለው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ያሉትን ደግሞ እርስዎም አልተናገሩ፣ እኔም አልሰማሁ።»

ከዚያ ነገሩን አፍታታ አስረዳችው። ያን የመሰለ ማሽላ የገደለ ጨው፣ ቢደገምበት ይህን አረም የማይገድልበት ምክንያት የለም። ጨው ደግሞ እንደሆነ አይጠፋም፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ጨው ነው። የሚያስፈልገው ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ተሸካሚዋም፣ አምላክ ሲያደርገው፣ ማሳው መካከል ጅራቷን እያወዛወዘች ቆማለች። የራሷን ሞት ራሷ ትሸከመው።

አያ ጅቦ ከዚህ የረቀቀ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በቀጥታ ሄዶ ዳልቻን ጠራና፣ ማሳው ማዳበሪያ እንደሚያስፈልገው፣ ማዳበሪያውም ከጨው ሜዳው እንደሚመጣ፣ እሷም ሄዳ እንድትሸከመው በሹመቱ አዘዛት።

ዳልቻ ጆሮዋን ጥላ አዳመጠችው። «እሺ ጌታዬ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ» አለች። «ብቻ እኔ በሌለሁበት ማሳው ቢደርቅ፣ ንጉሡ ‹ገበሬዋን ከማሳው ላይ ማን አነሣት?› ብለው ሲጠይቁኝ፣ ስምዎን ከነማዕረጉ ልንገራቸው ወይስ አሳጥሬ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ አልለመደበትምና አንገቱን አመመው። ካሰበም በኋላ ጨዉን ራሱ ሄዶ እንደሚያመጣው፣ ይህንንም የሚያደርገው ለሥራው ካለው ፍቅር የተነሣ እንደሆነ ነገራት።

«እርስዎ ራስዎ?» አለች ዳልቻ። «እንግዲያስ ዕድሜዬን ስጫን የኖርኩ ነኝና አንድ ምክር ይቀበሉኝ። ሲጭኑዎት ሆድዎን ይንፉ። መጫኛው ታስሮ ሲያበቃ ይተንፍሱ፤ ያኔ ይላላልዎታል። እኔ እስከ ዛሬ የቆየሁት በዚህ ነው።»

ምክሩ ከልብ የተሰጠ፣ የአህዮች ሁሉ የቆየ ምሥጢር ነበር። አያ ጅቦ ግን አህያ የነገረችውን እንዳለ መፈጸም ለሹም አይመጥንም ብሎ አሻሻለው። እመት ቀበሮ ስለ ጉበቱ ስትል ለአንድ ጊዜ ጉልበቷን አውሳ በጨው ሜዳው ላይ መጫኛውን ስታጠብቅ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ አስራ ስታበቃ ሆዱን ለቀቀው። መጫኛው ጎኑ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እሷም ብትሆን ጭነት ግራና ቀኝ እኩል ተመዝኖ እንደሚጫን ማን ነግሯት፤ የጨው ስባሪውን ሁሉ ወደ ኋላው ከመረችበት። እንዲያ ሆኖ እየተጎተተ ሲመጣ ፊቱ ቀና፣ ኋላው ዝቅ አለ፤ ዛሬም ድረስ አልተመለሰለትም። ለጅብ ቁመና ሊቃውንት ሌላ ምክንያት ይሰጡ ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ግን በዚያ ቀን እዚያ አልነበሩም።

ለጅብ በጠራራ ፀሐይ መታየት ራሱ ነውር ነው፤ ተጭኖ መታየትማ ዘር ያሰድባል። በመንገዱ ዳር የነበሩ ጅግራዎች አዩትና አህያዋ ታማ እንደሆነ በአዘኔታ ጠየቁት። የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ አለፋቸው። ማሳው ደረሰና ጨዉን ወዲያና ወዲህ በትኖ፣ ግራሩ ሥር ተጋድሞ ሞትን ይጠብቅ ጀመር፤ የማሳውን ማለት ነው።

ማሳው አልሞተም። ሌላ ጭነት አመጣ፤ ማሳው ደኅና ነው። ደግሞ አመጣ፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቁጥቋጦ እንደ መፋፋት አለ፤ ጨዉን እንደ ጓደኛ የለመደ ተክል ጥቂት ሲጨመርለት አይከፋውምና። የከፋው ሌላ ነው። የአያ ጅቦ ጀርባ ተላጠ፤ በተላጠው ላይ ላብ ወረደ፤ በላቡ ላይ ጨው ቀለጠ። እሱ ግን በሌሊት የሚበላውን ትቶ በቀን ይጭናል፤ ስለ ወደፊቱ ታፋ ሲል የዛሬውን ጥንብ የናቀ ጅብ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ዳልቻን ጠርቶ፣ ይህ ማሳ ይህን ሁሉ ጨው በልቶ የማይሞተው ስለምን እንደሆነ እንድትናገር አዘዛት። ዳልቻ ከመናገር ሌላ የምትወደው ነገር የለም። ማሳውን ልታስጎበኘው ከፊት ከፊቱ ሄደች፤ እሱም ዕለቱን ያመጣውን ጨው ገና ሳያራግፍ ተከተላት።

መጀመሪያ ከቦዩ ዳር በበቀለ ተምር ሥር አቆመችው።

«ይኸኛው በረኛ አለው» አለችው። «ሥሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ። ውሃ ሲመጣ ‹ግባ› ይለዋል። ጨው ሲመጣ ‹ጌታው የሉም› ይለዋል።»

«ጨዉስ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል፣ ደጅ ይጠናል እንጂ።»

ቀጥሎ ቅጠሉ ሸካራ ወደሆነ ሣር ወሰደችው። ይህ ሣር እንደ ተምሩ አይመርጥም፤ ቤቱ ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው፤ ግን ያስገባውን ጨው በቅጠሉ ላይ እንደ ላብ አድርጎ መልሶ ያወጣዋል። ካላመነ ይላሰው ዘንድ ጋበዘችው። አያ ጅቦ ላሰ። ቅጠሉ ላይ የረጋው ነጭ ፍሬ ምላሱ ላይ ቀለጠ። በሕይወቱ የላሰው የመጀመሪያ ሣር ነበርና ሥጋው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት።

ከዚያ ቅጠሉ እንደ ጣት ያበጠ፣ ሲረግጡት ጧ የሚል ተክል አሳየችው። «ይህ ሆዱ ውሃ ነው» አለችው። «አያ ጅቦ፣ ወጥ ጨው ሲበዛበት እርስዎ ቤት ምን ይደረጋል?»

«ይበላል» አለ አያ ጅቦ።

«ሰው ቤት ውሃ ይጨመርበታል። ይህም እንዲሁ ያደርጋል። ጨዉ ሲበዛ ውሃ ይጠጣበታል፣ ያብጣል፣ ጨዉን ያለሳልሰዋል።»

መጨረሻ ላይ የቆሙት ከአንዲት ዝቅተኛ ቁጥቋጦ አጠገብ ነበር። ከሥሯ ቢጫ ቅጠል ተነጥፏል።

«ይቺ ደግሞ» አለች ዳልቻ «ጨዉን ሰብስባ ለአሮጌ ቅጠሎቿ ታሸክማቸዋለች። አሮጌው ሹመት ይመስለዋል። ይሸከማል፣ ይሸከማል፣ ሲሞላ ይገረጣል። ያኔ ትጥለዋለች። ለጋው ቅጠል ግን ይተርፋል።»

አያ ጅቦ ከወደቁት ቅጠሎች አንዱን አንሥቶ አየው፤ እንባው መጣ። እንዲህ ያለ ግፍ ሰምቶም አይቶም እንደማያውቅ፣ ጌታውን አምኖ የተሸከመ ምስኪን እንደ ቆሻሻ መወርወሩ አንጀቱን እንደ በላው ነገራት። ይህን ሁሉ ሲናገር ጨዉ በጀርባው ላይ ነበር።

ዳልቻ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አያ ጅቦ ብቻውን ወደ ተምሩ ሄደ። ከሰማው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ገብቶት ነበር፤ ሥሩ ላይ በረኛ አለ። በረኛ ካለ ደግሞ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አለ። ግንዱን ቧጠጥ ቧጠጥ አደረገና በሩን ለጨው ከከፈተ ከዳልቻ ጅራት ሙሉውን እንደሚሰጠው በጨዋ ደንብ ነገረው። መልስ የለም። ጆሮዋን ጨመረለት። መልስ የለም። አያ ጅቦን ከሸክሙ ሁሉ ይልቅ ይህ ከበደው። ጉቦ የማይበላ በረኛ ያለበት አገር ወዴት እየሄደ እንደሆነ እያሰበ፣ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ።

እመት ቀበሮም ነገሩን ስትሰማ ማሳውን በዐይኗ ልታይ መጣች። ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጣ ሳለች አንዲት ሚዳቋ ከወንዙ ማዶ ተሻግራ ስትመጣ አየች። ሚዳቋዋ አልጋጠችም። ሸካራውን ሣር ላሰች፤ ቆም ብላ አፏን አጣጣመች፤ ደግማ ላሰች። ሣር በላተኛ ለጨው ነፍሱን ይሰጣል፤ ጨው ለመላስ ሲል የስንት ቀን መንገድ ይሄዳል፤ እዚህ ደግሞ ጨዉና ምሳው ባንድ ሳህን ቀርቦለታል። ከሚዳቋዋ ኋላ ድኩላ መጣ፣ ከድኩላው ኋላ የዘመዶቹ ዘመዶች። እመት ቀበሮ ጉበቱና ኩላሊቱ ከእጇ እንደ ወጣ በዚያው ገባት። ሆኖም ላጡት ነገር ማልቀስ የእሷ ጠባይ አይደለም። ለአያ ጅቦ ማሳው ሊደርቅ ጥቂት ብቻ እንደ ቀረው ነግራ፣ ንጉሡ እስኪመጡ ድረስ ሳያርፍ እንዲጭን መከረችውና እሷ ንጉሡን ልትቀበል መንገድ ጀመረች።

ኅዳር ገብቶ ቆላው ሲቀዘቅዝ ንጉሡ እመት ቀበሮን ጨምረው ከነአጀባቸው ወረዱ። ኮቴያቸው ሲሰማ በማሳው ውስጥ የነበረው ሚዳቋና ድኩላ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ንጉሡ ማሳው ዳር ደርሰው ቆሙ፤ አጀቡም ቆመ።

ማሳው ነጭ ነበር።

አያ ጅቦ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሌት ተቀን ሳይል የበተነው ጨው ከፊሉ በቅጠሉ ላይ ተበትኖ፣ ከፊሉ ከውስጥ በላብ ወጥቶ፣ ማሳውን ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎታል።

«እኔ አረንጓዴ ነበር ያልኩት» አሉ ንጉሡ።

ዳልቻ፣ ለሁሉም መልስ ያላት አህያ፣ በዚያች ሰዓት ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። አያ ጅቦ ምራቁን ውጦ ለወራት ያስጨነቀውን ጉዳይ ቆረጠ፤ ከታፋው ይጀመራል። አንድ እርምጃ ቀረብ አለ፤ ትንፋሹ ጀርባዋን ነካት።

«ጃንሆይ» አለች ዳልቻ ድምፅዋን ከየትም ለቃቅማ «የቆመ ዳኛ ፍርዱ ይቸኩላል ይባላል። ከግራሩ ኋላ ጥላ አለ። እባክዎ ትንሽ ተቀምጠው ይፍረዱልኝ።»

ንጉሡ መንገዱ አድክሟቸው ነበር፤ መቀመጥን ደግሞ በጠቅላላው ይወዱታል። ከግራሩ ኋላ ሄደው ተቀመጡ፤ ነፋሱም ወደ እነሱ ይነፍስ ነበርና ሽታቸው አልተሰማም። አያ ጅቦ ስለ ዘገየው ፍርድ እያጉረመረመ ሆዱን ያባብላል። ጥቂት እንደ ቆዩ ያቺ ሚዳቋ አንገቷን አወጣች። ወዲያና ወዲህ አይታ ገባች፤ አንዱን ቅጠል ላሰች። የላሰችበት ቦታ አረንጓዴ ሆነ። ሌላውን ላሰች፤ እሱም አረንጓዴ። ድኩላው መጣ፤ ሌሎች መጡ፤ ማሳው ሙሉ ምላስ ሆነ፤ ንጉሡ እያዩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ታጠበ ልብስ ቀለሙ ወጣ።

ንጉሡ ምሳቸው በየአቅጣጫው ከስደት ሲመለስ ሲያዩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ሕዝብን እንዲህ መውደድ ለሁሉም አይሰጥም።

«አረንጓዴ ነው» አሉ። «ዳልቻን ከዛሬ ጀምሮ ጥርስ አይንካት።» ከዚያ ወደ አጀቡ ዞሩ። «ግን እነዚህን ሁሉ የጠራቸው ጨዉ ነው። ይህን ጨው ያመጣው ማን ነው?»

አያ ጅቦ በዚህች ቅጽበት ዝም ቢል ኖሮ ተረቱ ሌላ ይሆን ነበር። እመት ቀበሮ ሳል ያዛት። ዳልቻ ግን ነፍሷ ከተመለሰላት ወዲህ ምላሷም ተመልሶላት ነበር።

«ጥቂቱ የመሬቱ ነው ጃንሆይ» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። «የተረፈውን እንግዲህ እኔው ምስኪኗ...»

«ውሸቷን ነው» አለ አያ ጅቦ ዘሎ መካከል ገብቶ። «አንዲት ስባሪ አላመጣችም። ሁሉንም በጀርባዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጀርባዬ፣ ይታይልኝ።»

ጀርባው ታየ። ጠጉሩ ተገፎ፣ ቆዳው ተልጦ፣ መጫኛው የሄደበት መንገድ በሁለቱም ጎን ታርሷል። በጫንቃው ላይ የአሞሌ ስባሪ ተጣብቆ ቀርቷል። አጀቡ በአድናቆት አጉረመረመ፤ እንዲህ ያለ የማይታበል ማስረጃ በዚያ አደባባይ ቀርቦ አያውቅም። እመት ቀበሮም ሳሏ ለቀቃትና፣ እውነት ለመናገር አያ ጅቦ ያለ ማንም አስገዳጅ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲጭን እንደ ነበር መሰከረች።

ንጉሡ ብዙ ሹም አይተዋል፤ እንዲህ የተላጠ ሹም ግን አይተው አያውቁም። እንዲህ ያለው አገልጋይ እንደ ማንኛውም ተቆጣጣሪ ግራር ሥር ተጋድሞ መቅረቱ ለአገር ኪሳራ መሆኑን ተናገሩ። በዚያው ቦታ ላይ አያ ጅቦን ሊቀ ጨው ጫኝ አድርገው ሾሙት፤ ሹመቱም ከልጅ ልጅ የሚተላለፍ እንዲሆን አወጁ። ጭነቱ በትክክል መታሰሩን እያየች የምታሳስረውም እመት ቀበሮ ሆነች። ከሰዓት በኋላ በማሳው ላይ ማን ማንን እንደ በላ የዚህ ተረት ጉዳይ አይደለም፤ የዚህ ተረት ጉዳይ ዕፅዋት ናቸው።

አያ ጅቦ በአዲሱ ማዕረግ ደስታው ልክ አልነበረውም። ስሙ ሲጠራ ረዝሞ ይጠራል፤ ሲያልፍ ይነሡለታል። የዳልቻ ነገር ትዝ ያለው ማታ ራቱን ሲፈልግ ነበር፤ ያኔ ደግሞ እመት ቀበሮ ነገ በማለዳ ጭነት እንዳለ ልትነግረው መጣች።

በማግሥቱ ጅግራዎቹ በዚያው መንገድ ላይ አገኙት፤ አጎንብሶ፣ ጨው ተጭኖ፣ ዝግ እያለ ይሄዳል። ከመንገዱ ገለል ብለው እጅ ነሡና ሹመቱ እንዴት እንደሆነለት ጠየቁት።

«ከባድ ነው» አለ በኩራት።

ከዚህ የምንማረው፣ ጨው በበዛበት ምድር የሚለመልመው ጨዉን የጠላ ወይም የሸሸ ሳይሆን የት እንደሚያኖረው ያወቀ መሆኑን፣ የት እንደሚያኖረው ያላወቀ ግን ዕድሜውን ሙሉ በጀርባው ተሸክሞት እንደሚኖር፣ ያውም ሹመት መስሎት እንደሚኖር ነው።